በደብተሩ ኅዳግ ላይ

ንቀት እንደ ዕቃ የሚታይ ነገር ቢሆን ኖሮ በእኛ ሳሎን መተላለፊያ አይገኝም ነበር። አባዬ ነጋዴ ይንቃል፤ ሐኪም ይንቃል፤ ጠበቃ ይንቃል፤ ጎረቤቶቻችንን ስማቸውን ሳያውቅ ይንቃል። አርባ ዓመት ባስተማረበት የፊዚክስ ክፍል ካሉት መምህራን ግማሾቹን «ቀመር የተጫኑ አህዮች» ይላቸዋል። የቀሩትን ግማሾች ለምን እንደማይሰድባቸው ብጠይቀው፣ «ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም» አለኝ።

እኔ የእሱ ልጅ ነኝ። አሁን በዚያው ክፍል አስተምራለሁ። ቅንድቤን ሳነሳ ያዩ የድሮ ተማሪዎቹ «ቁርጥ እሳቸውን!» ይላሉ፤ እኔም እንደ ሙገሳ እቀበለው ነበር። እንግዲህ ከአንድ መነጽር ቤት ሠራተኛ ጋር ስምንት ወር ሙሉ በደብተር ስትጻጻፍ የከረመችው ይህችው ሴት ናት።

አጀማመሩን ላልሰማችሁ ላጫውታችሁ። የአባዬ መነጽር እግሩ ተሰብሮ ላስጠግን ሄድኩ። ሱቋ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ፊት ለፊት ፍሬሞች ተደርድረዋል፤ ከጀርባ ሌንሱን በፍሬሙ ልክ የሚሞርደው ማሽን ውሃ እየረጨ ያፏጫል። ሰውየው ማሽኑ ላይ አቀርቅሯል። ከጎኑ፣ ፍንጣሪ እንዳይደርስበት ግማሹ በላስቲክ የተሸፈነ ደብተር ተዘርግቷል። ርዕሱን ገልብጬ አነበብኩት፦ «የገባኝና ያልገባኝ። ለራሴ።»

ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ፊዚክሱ፣ ሒሳቡ፣ ኬሚስትሪው፣ የዓይን አሠራሩ፣ ሁሉም በእርሳስ አንድ ላይ ታጭቋል። አንዱ ገጽ ላይ «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል? የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ብዬ ልያዘው? አይሆንም፤ ይሄ ወሬ እንጂ ሒሳብ አይደለም» ይላል። ሌላው ላይ ደግሞ እንዲህ፦ «ብርሃን አየር ላይ ፈጣን ነው። መስታወት ውስጥ ሲገባ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ይታጠፋል። ከመስታወቱ ሲወጣ ግን እንደ ገና ይፈጥናል። ማን ገፋው? አልገባኝም።»

«ልውሰደውና ላርምልህ? አስተማሪ ነኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከልብሽ ነው?»

ከልቤ አልነበረም። በቸርነት የጠየቅሁት እንዳይመስላችሁ፤ መሳቂያ አግኝቼ ነው። ቤት ሳልደርስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የብርሃኑን ገጽ ፎቶ አነሳሁና ለትምህርት ክፍላችን መምህራን ግሩፕ ላክሁት። ከሥሩም «ሊቀ መነጽር ምን ይላሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁ ሳምንት ዘለቀ። ከዚያ ሰው ረሳው። እኔም ረሳሁት።

ደብተሩን ስመልስለት ግን በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ የከመርኩበትን ስድብ ሁሉ እንደ ስጦታ ተቀበለው። ለእያንዳንዱ በገጹ ግርጌ በእርሳስ መልስ ጽፎ፣ ሁለተኛ ደብተር ጨምሮ ሰጠኝ። ሁለተኛው ሦስተኛ አስከተለ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ስለሌለኝ ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። ሊፕስቲክ የሚቀቡ ባልደረቦቼን ስንቅ የኖርኩት ሴት ሐሙስ ሐሙስ መስታወት ፊት መቆም ጀመርኩ።

አንድ ልማድ አለው። ሌንስ ሠርቶ ሲጨርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል፤ ጭረት ፍለጋ ነው። እኔንም የሚያየኝ እንደዚያ ነበር። ጭረቴን ያገኘው እየመሰለኝ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን «ምን ታያለህ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ገና አልጨረስኩም» አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ለመያዝ እጄን ማንሳት ረስቼ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አንድ ሐሙስ ያ ፍርሃት ዋጋውን ጠየቀ። አባዬ እዚያው ሱቅ ያሠራሁለትን አዲስ መነጽር ሊለካ ፈለገ፤ በታክሲ ስለማይሄድ ከክፍላችን መምህራን አንዱ፣ ዶክተሩ፣ በመኪናው አደረሰን። ዶክተሩ የአባዬ የድሮ ተማሪ ነው፤ የእኔ ባልደረባ፤ በአባዬ ሐሳብ ደግሞ የወደፊት ባሌ። ለጋብቻ ያቀረበው ምክንያት «መስካችን አንድ ነው» የሚል ነበር። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

መነጽር ሠሪው ሦስታችንን ሲያይ ፈገግ ሊል ብሎ፣ የእኔን ፊት አይቶ ተወው። ገብቶታል። እንደማያውቀኝ ሆኖ የአባዬን መነጽር ማስተካከል ጀመረ። ዶክተሩ ሥራ ፈትቶ መደርደሪያውን ሲያማትር ዓይኑ ደብተሩ ላይ አረፈ።

«ቆይ ቆይ» አለ። «ይሄን ጽሕፈት አውቀዋለሁ።»

ቦርሳዬን ደብተሩ ላይ ላሳርፍ ተጠጋሁ፤ ቀደመኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ሊቀ መነጽር ማለት እኮ ይሄ ነው! ልጅዎ ግሩፑ ላይ የላከችው! ‹ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ ይደክመዋል› ያለው!» ወደ ሰውየው ዞረ። «አንተ ነህ አይደል? ወንድሜ፣ ክፍሉን በሙሉ እኮ ነው በሳቅ የገደልከው።»

«ይደክመዋል?» አለ አባዬ፣ ዓይኑን ጨምቆ። «ታዲያ ወንበር አይሰጡትም?»

ሁለቱ ሳቁ። የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ፤ እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ስለሚያስቅ አይደለም፤ ያኔ ዝም ብል አባዬ ለምን ዝም አልሽ ይለኝ ነበር። አጭር፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የቤታችን ሳቅ ነው።

ሰውየው አልተቆጣም። ሥራውን ጨረሰ። መነጽሩን በጨርቅ ጠርጎ አባዬ አፍንጫ ላይ አስቀመጠና «ወደ ታች ይመልከቱ፤ ያዞርዎታል?» ብሎ ጠየቀው። «አያዞረኝም» አለ አባዬ። ከዚያ ሰውየው የመነጽሩን ማስቀመጫ አንስቶ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እንዳይረሱት፣ እትዬ» አለኝ።

ስምንት ወር «አንቺ» ያለኝ ሰው ነው። አንዳንድ ሰው ሲጠላ ይሳደባል። እሱ አከበረኝ። መኪና ውስጥ ዶክተሩ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲያወራ፣ እኔ ያችን «እትዬ» እንደ ጥፊ ጉንጬ ላይ ይዣት ሄድኩ።

ደብዳቤ ጻፍኩለት። የመጀመሪያው ረቂቅ ይቅርታ ሳይሆን ማብራሪያ ነበር፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው «አንተም ብትሆን» የሚል ነገር ነበረው፤ እሱንም ቀደድኩት። ሦስተኛውን በሱቁ በር ሥር አስገብቼ መልስ ጠበቅሁ።

ማክሰኞ ቢሮዬ ድረስ ወፍራም ፖስታ መጣ። ስከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ ቀጫጭን ወረቀት ፈሰሰ። ደብዳቤ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። የስድስቱን ደብተሮች ኅዳግ በሙሉ በምላጭ ቆርጦ ልኮልኛል። እንደ ሥራው ነው የቆረጠው፤ አንድም ቦታ አልተንሻፈፈም። የእሱን ጽሑፍ አስቀርቶ የእኔን ቀይ ብቻ መልሶልኛል። ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦

«የእርስዎን መልሻለሁ። የእኔ ስህተት ለእኔ ይቀመጥልኝ።»

በሩን ቆለፍኩና ቁርጥራጩን እያነሳሁ ማንበብ ያዝኩ። «ብርሃን አህያ አይደለም፤ አይደክመውም።» «ይህ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው።» «ሕጉ እንዲህ ነው፤ ተቀበል።» «ተሳስተሃል።» «አሁንም ተሳስተሃል።» ወደ መጨረሻዎቹ ደብተሮች ስደርስ ቀዩ ለስለስ ይላል። «ጎሽ።» «ይሄኛው ያምራል።» «ዛሬ ዝናቡ እስኪያባራ አንተን ሳነብ ዋልኩ።» «ባለፈው ሐሙስ ቀዘቀዝክብኝ።»

ፍቅር ነው ያልኩት ይህን ነበር። ጠረጴዛውን ሞልቶ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ስድስት ደብተር ሙሉ፣ አንድም ቦታ የጥያቄ ምልክት አላደረግሁም። ስሰድበውም ሳሞግሰውም ፍርድ ስሰጥ ነበር። ለምን እንደሚጽፍ አልጠየቅሁትም። ከማን ጋር እንደሚኖር አልጠየቅሁትም። ተማሪዎቼን የማርምበት ቀይ እስክሪብቶ እጄ ላይ እንደ ስድስተኛ ጣት በቅሎ፣ የምወደውን ሰው ማርክ ስሰጠው ከርሜያለሁ። ያን ቀን አባዬን አልናቅሁትም፤ ዶክተሩንም አልናቅሁትም። ተራው የእኔ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት ሱቁ ሄድኩ። ደንበኛ አልነበረም። ማሽኑን አላቆመም።

«ምን ልታዘዝ? ሌንስ ነው ፍሬም?»

«ጥያቄ አለኝ።»

«እርስዎ?» ሳቀ። እሱ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም፤ ከእኛ የተማረው መሰለኝ። «እርስዎ ደግሞ የማያውቁት ምን ተገኘ?»

«ደብተሩን ለምን ጀመርከው?»

ማሽኑን አቆመው። ውሃው ትንሽ ተንጠባጥቦ ዝም አለ። 

«አሥራ ሁለት ዓመት ሌንስ ስሞርድ እንዴት እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር» አለ። «አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። መነጽር አደረግሁላቸው። የእጃቸውን መዳፍ አዩና ‹ልጄ፣ ይሄ ብርጭቆ ዓይኔን ምን አድርጎልኝ ነው?› አሉኝ። ሰው ተሰልፏል፤ እኔም አላውቀውም። ‹ምን ያደርግልዎታል እማማ፣ ዝም ብለው ይልበሱት› አልኳቸው። የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሳቸውም ተሸማቀው አብረው ሳቁ።» የማሽኑን ጠርዝ በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር። «እዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ። ተመልሰው ሲመጡ ልነግራቸው ነበር። አልመጡም።»

«እኔም ያን ቀን የሳቅሁት ተሸማቅቄ ነው» አልኩ።

«አይደለም!» ጨርቁን ወረወረው። «እሳቸው የሳቁት በራሳቸው ነው። አንቺ የሳቅሽው በእኔ ነው! ልዩነቱ አይገባሽም? ይሄን ያህል ተምረሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ሰው መሃል ብታዋርጂኝ እችለዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እኔ ግን እያንዳንዷን ቀይ መስመርሽን ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አነባታለሁ። ‹ተሳስተሃል› ስትዪኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ከጀርባዬ ጉባኤ ተሰብስቧል።»

 ያለኝን አንድ ነገር ሰጠሁት።

«ብርሃን ከመስታወቱ ሲወጣ ማን ገፋው ብለህ ነበር። ቀመሩን እጽፍልሃለሁ፤ ተማሪዎቼም ጽፈውልኝ ያልፋሉ። ግን ለምን እንደሆነ… እኔም አልገባኝም። ሲያስተምሩኝ አልጠየቅሁም። እንዳያፍሩብኝ ፈራሁ። በዚያ ገጽ የሳቅሁት ለዚህ ይመስለኛል፤ አንተ ሳትፈራ ስለጻፍከው።»

አየኝ። አንድ ዓይኑን አልጨፈነም፤ በሁለቱም ነው ያየኝ።

«ሂጂ» አለኝ። «አሁን ሂጂ፤ ሥራ አለብኝ።»

ወጣሁ። ተባርሬ፣ አንገቴን ደፍቼ እየሄድኩ፣ ጥግ ጋ ስደርስ «ይሂዱ» ሳይሆን «ሂጂ» እንዳለኝ ትዝ አለኝ። በዚህ መደሰት ያሳፍራል። ተደሰትኩ።

በበነጋው ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ያ ገጽ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደተላከ፣ የላክሁትም እኔ እንደሆንኩ፣ ጥያቄው ደግሞ የምሁር ጥያቄ እንደሆነና የሚመልስልኝ ካለ በአደባባይ እንዲመልስልኝ። የመለሰ አልተገኘም። ሦስት ሰው የሳቅ ምልክት ላከ። ዶክተሩ ደወለና «ቀልድ አታውቂም እንዴ? እኔን ምን ልታስመስዪኝ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «መስካችን አንድ አይደለም።» ስልኩን ስዘጋ ያቺ የአፍንጫ ሳቅ መጣችብኝ፤ ዋጥኳት።

አባዬ ከዶክተሩ ሳይሰማ አልቀረም። ሁለት ቀን «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት በስተቀር አላናገረኝም። ቅዳሜ ግን የአዲሱ መነጽር እግር ላላ። «ያ ሰውዬ እዚህ ይምጣ፤ እኔ ሁለት ጊዜ አልመላለስም» አለ። ደውዬ ሳልለምን፣ አድራሻውን ብቻ ነግሬ ዘጋሁ።

እሑድ ጠዋት መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፤ ትንሽ ሣጥን ይዟል። ለእኔ ራሱን ነቀነቀ፤ ለአባዬ ጎንበስ አለ። ተቀመጥ ያለው አልነበረም፤ መነጽሩን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ቆመ። አባዬ ያለ መነጽሩ ከአንድ ክንድ በላይ አያይም። ቢሆንም ሰው ከመመርመር አላገደውም።

«ስንተኛ ክፍል ደረስክ?»

«አሥር።»

«ፊዚክስ ትጽፋለህ አሉ።»

«ለራሴ ነው።»

«ለራስህ!» አለ አባዬ። «ዕውቀት ለራስ አይጻፍም። ለሚያውቁ ሰዎች ነው የሚጻፈው።»

«ለሚያውቁትማ ምን ያደርግላቸዋል፣ ጋሼ?»

«ፕሮፌሰር በለኝ።»

ሰውየው ከመነጽሩ ማጠፊያ ላይ አንዲት ብሎን ነቅሎ፣ ጣቶቹ መካከል ይዞ፣ በሌላ እጁ ካቻቪቴውን አነሳ። አባዬ ቀጠለ፤ ስለ ልክ፣ ሰው ልኩን ስለማወቅ፣ ልክ ያጡ ሰዎች ስላበላሹት ነገር። የማውቀው ንግግር ነው። ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤው ነበር። ስሰማው የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ይበቃል» አልኩ። «እወደዋለሁ።»

«ማንን?» አለ፣ ወደ ኮት መስቀያው እያየ።

«እሱን። መነጽርህን የሚሠራልህን። የምወደው ሰው እሱ ነው።»

የሰውየው እጅ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ሲሞርድ የማይስት እጅ ነው። ግን ብሎኗ አመለጠችው፤ ምንጣፉ ላይ ስትወድቅ እንኳ ድምፅ አላሰማችም።

አባዬ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ሰውየው ጮኸ፦ «እንዳይንቀሳቀሱ! ከረገጧት ጠፋች፤ የዚህ ፍሬም መለዋወጫ የለኝም!»

አባዬን ያዘዘ ሰው በዚህ ቤት አይቼ አላውቅም። ግማሽ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ቀስ ብሎ በጉልበቱ ምንጣፉ ላይ ወረደ።

«ምን ታክላለች?»

«የሰናፍጭ ፍሬ።»

ሦስታችንም በአራት እግራችን ሆንን። አባዬ ምንጣፉን እንደ ዕውር በመዳፉ ይዳስሳል፤ ራሱ ላይ የቀሩት ጥቂት ነጭ ፀጉሮች ቆመዋል። አናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ የሕፃን አናት ይመስላል።

«ትወጅዋለሽ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«ያውቃል?»

«አሁን ሰማ።»

አባዬ ዳሰሳውን ቀጠለ። ትንፋሹ ከብዷል። «አንተስ?» አለ ወደ ሌላው ጥላ።

የሰውየው ምንጣፉን የሚያበጥሩት ጣቶች ቆሙ።

«በጣም ተናድጄባታለሁ፣ ጋሼ።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

«እሱኑ ነው የመለስኩት። ባልወዳትማ ኖሮ ምን ያናድደኛል? እንደ ሌሎቹ ስቄ አልፋት ነበር።»

አባዬ «ፕሮፌሰር በለኝ»ም አላለም። ወደ ሶፋው ሥር እጁን ሰደደና «እዚህስ ትኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቀ፤ ቀስ ብሎ፣ መልሱን በማያውቅ ሰው ድምፅ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ የማሽኑ ውሃና የሳሙና ሽታ አለው። አልሳቀልኝም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ብቻ ፊቱን አላዞረም፤ እኔም አላዞርኩም።

ብሎኗን የዚያን ጊዜ አገኘኋት። ቀኝ መዳፌ ሥር ናት፤ ቆዳዬን ትወጋኛለች። አገኘኋት ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሁለቱን ወንዶች አየሁ፤ ጎን ለጎን ተንበርክከው «ወደዚያ ይበሉ»፣ «አይ፣ አንተ ወደዚህ ና» ይባባላሉ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። መዳፌን ይበልጥ ተጫንኩት። ትንሽ እንፈልግ አልኩ በልቤ፤ ትንሽ ቆይተን እንፈልግ።